እናቴ ለስካውቱ የነገረችው

አንድ ነገር ላጫውታችሁ ነው። ስጨርስ ግን አደራችሁን፣ «ለበጎ ነው» እንዳትሉኝ። እሱን የሚለኝ ሰው በዝቶ ሰልችቶኛል። በጎው ነገር ቢኖር ኖሮ እስከ ዛሬ በበራችን ብቅ ባለ ነበር።

ለይላ እባላለሁ። እዚህ አሜሪካ፣ ኒው አልባኒ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ የጠዋት ሺፍት ሱፐርቫይዘር ነኝ። ቀኑን ሙሉ ስጮህ ስለምውል አፌ ትንሽ ክፉ ነው፣ ቻሉት። ቤታችን ሦስት ነን፤ እናቴ ዘሃራ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ያሲን። እማዬ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ላውንድሪ ትሠራለች። አባታችን ኮምቦልቻ ነው የሞተው፤ ያሲን ገና ጡት አልጣለም ነበር።

የአባቴን አሟሟት ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። ረጅም፣ ደረተ ሰፊ ሰው ነበር። አንድ ሠርግ ላይ ሲጨፍር ሰው ሁሉ ጨዋታውን ትቶ እሱን ያይ ነበር አሉ። «ምን ያለ ወንድ ነው!» ያላለ የለም፤ ከዓይን እንዲጠብቀው «ማሻአላህ» ያለ ግን አንድም አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ አልጋ ላይ ዋለ፣ አልተነሣም። ሐኪሙ ጉበት ነው አለ። እማዬ የሰው ዓይን ነው አለች። እስከ ዛሬም ዓይን ነው።

ያሲን ደግሞ ቁርጥ አባቱን ሆኖ አደገ። እንዲያውም በለጠው። አሜሪካ ስንገባ ትንሽ ልጅ ነበር፤ ሃይስኩል ሲደርስ በሩን ጎንበስ ብሎ መግባት ጀመረ። እማዬ ጭንቅ ያዛት። መስጊድ በር ላይ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ሠርግ ላይ፣ የትም ይሁን የት፣ አንድ ሰው ቀና ብሎ ሲያየው አፉን ሳይከፍት እሷ ትቀድመዋለች። «ኧረ ምኑን አያችሁት! ጉልበቱን ያመዋል እኮ። ሌሊቱን ሲያቃስት ነው የሚያድረው። እስቲ ዱዓ አድርጉለት» ትላለች። ሰውም ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ዱዓ ያደርጋል። ልጁ ጉልበቱ የበሬ ነው! አንድ ቀን «አመመኝ» ሲል ሰምቼው አላውቅም። እኛ በጓዳ እየሳቅን ኖርን። እናቶቻችን እንዲህ ናቸው፣ ታውቋቸው የለ።

ይህ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የገባው በፉትቦል ነው። እኛ የምናውቀው እግር ኳስ አይደለም፤ ይኼ የጭንቅላት መከላከያ እየለበሱ የሚጋጩበት ነው። ያሲን የሚጫወትበት ቦታ ታይት ኤንድ ይባላል። ላስረዳችሁ፦ ግማሹን ጊዜ እንደ ግንብ ቆሞ የሚመጣበትን ግዙፍ ሰውዬ ይገፋል፣ ግማሹን ጊዜ ደግሞ ሮጦ ኳስ ይይዛል። ሁለት ሥራ በአንድ ሰው ነው ባጭሩ። እኔ መጋዘን ውስጥ የማውቀው ነገር ስለሆነ ወዲያው ነው የገባኝ።

በየጸደዩ ድራፍት የሚባል ነገር አለ። ፕሮ የሚባሉት፣ ለተጫዋች ደመወዝ የሚከፍሉት ቡድኖች ተራ በተራ፣ ከየዩኒቨርሲቲው የጨረሱ ልጆችን ስም ይጠራሉ፤ ሦስት ቀን ይፈጃል፣ በቴሌቪዥን ይተላለፋል። ስምህ ከተጠራ ሕይወትህ ተለወጠ። የያሲን አሠልጣኝ እቅጩን ነግሮን ነበር። «ኮከብ አይደለም። ቢጠራ በመጨረሻው ቀን፣ መጨረሻ አካባቢ ነው። ጠርዝ ላይ ነው ያለው፤ ትንሽ ነገር ልታስገባውም ልታስወጣውም ትችላለች» አለን። ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ሌላ ነገር ተመኝቶ አያውቅም። ያቺን ጠርዝ ይዞ ነበር የተንጠለጠለው።

ዩኒቨርሲቲው ልጆቹን ለስካውቶች የሚያሳይበት ቀን ደረሰ። ስካውት ማለት ተጫዋች መልማይ ነው፤ አገር ላገር እየዞረ ልጆችን ያይና ለቡድኑ «ይህ ይሁን፣ ያ ይቅር» ይላል። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ያሲን ሮጠ፣ ዘለለ፣ ብረት ላይ የታሰረ ትልቅ ፍራሽ እየገፋ ሜዳውን አቋረጠ፣ የተወረወረለትን ኳስ ሁሉ ለቀመ። አንድ ሸምገል ያለ ኮፍያ ያደረገ ፈረንጅ ከሌሎቹ ተለይቶ እሱን ብቻ ይከተል ነበር። ያሲን ሲጨርስ ሰውዬው ወደ እኔ መጣና ራሱን አስተዋወቀ፤ ሚስተር ሃንክ።

«ወንድምሽ የሚያስደስተኝ ምኑ እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለኝ። «ብዙዎቹ ሰው ሲገፉ ከተጋጩ በኋላ እግራቸው ይቆማል። የሱ አይቆምም። መሮጡ መካከለኛ ነው፣ አልዋሽሽም። እጁ ግን ጥሩ ነው፣ እግሩ ደግሞ አይሰንፍም። እንዲህ ያለ ልጅ ቡድን ውስጥ አሥር ዓመት ይኖራል።» ከዚያ «ዛሬ ከሰዓት እናታችሁን ላገኛት እችላለሁ? ሁሌም እናቶችን አነጋግራለሁ» አለ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ፓርኪንጉ ውስጥ ሆኜ ቤት ኮል አደረግኩ።

«እማዬ፣ እንግዳ ይዘን እየመጣን ነው። ስለ ያሲን ይጠይቅሻል። ዛሬ ብቻ፣ በአላህ ይሁንብሽ፣ አመስግኚው።»

«እሺ» አለች።

«ጎበዝ ነው፣ ጤነኛ ነው በይ። በቃ።»

«እሺ አልኩሽ እኮ! ሕፃን ነኝ እንዴ?»

ሻይ አፍልታ፣ ሳምቡሳ ጠብሳ ጠበቀችን። ሚስተር ሃንክ ጨዋ ሰው ነው፤ ጫማውን በር ላይ አወለቀ፣ ሻዩን ጠጣ፣ ሳምቡሳውን ደጋገመ። እማዬም ፊቷ ፈካ ብሎ ነበር። ከዚያ ሰውዬው ሶፋው ላይ ደገፍ አለና ያሲንን ከራሱ ጀምሮ እስከ ካልሲው ድረስ፣ ቀስ ብሎ፣ አየው። ምን ያድርግ፣ ሥራው ነው! ደመወዙን የሚበላው በማየት ነው።

«ማም» አላት አክብሮ፣ «ዕድሜዬን የወጣት ሰውነት ሳይ ነው የኖርኩት። እንዲህ ያለ ትከሻ፣ እንዲህ ያለ እግር ስንቴ ይገኛል? ምን አብልተሽ ነው ያሳደግሽው?»

እኔ ቶሎ ብዬ «ማሻአላህ!» አልኩ። እንድትሰማኝ ጮክ ብዬ ደገምኩት። አልጠቀመም። እማዬ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ኖ፣ ኖ» አለች በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዋ። «ጥሩ አይደለም። ጉልበቱ ባድ። ቬሪ ባድ። ማታ ያለቅሳል። እኔ ቅባት እቀባለሁ። ቶሎ ይደክማል።»

ያሲን ሳቀ። «እማ፣ ምን እያልሽ ነው?» አላት፤ ወደ ሰውዬው ዞሮም «ሰር፣ ጉልበቴ ምንም የለውም፣ ወላሂ ምንም» አለ። ሰውዬው አልሳቀም። የሻዩን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«መቼ ጀመረው፣ ማም?»

«ከልጅነቱ!»

ጣልቃ ገባሁ። በእኛ አገር ሰው ልጁን በእንግዳ ፊት አያመሰግንም፣ ዓይን የሚባል ነገር ይፈራል፣ ለዚያ ነው እንዲህ የምትለው፣ እውነት አይደለም ብዬ እየተርበተበትኩ አስረዳሁ። ስናገር የራሴ ጆሮ እንኳ አላመነኝም። ሰውዬው የልጁን በሽታ ሲሰማ እህትየዋ ዘላ ገብታ ስለ አስማት የምታወራው ምን ልትደብቅ ነው ቢል ምን ይፈረድበታል?

«ይገባኛል» አለ። ያልገባው ሰው የሚላት ዓይነት «ይገባኛል» ነበረች።

ሰውዬውን ሸኝቼ፣ በሩን ዘግቼ ወጥ ቤት ገባሁ።

«እማዬ፣ ምን ነካሽ? ለምኜሽ አልነበረም?»

«አላየሽውም ሲያየው? በዓይኑ እኮ ነው የዋጠው! አንዲት ማሻአላህ እንኳ ከአፉ አልወጣ!»

«አያውቀውማ! ፈረንጅ ነው!»

«ካላወቀ ዝም ይበላ!» አለችና ሳህን ማጠብ ቀጠለች። እሷ ልጇን ከሞት አፍ መንጠቋ ነው። ከምን ጋር ትከራከራላችሁ?

ከጥቂት ቀን በኋላ ሚስተር ሃንክ ሥራ ቦታ ደወለልኝ። ድምፁ ለስላሳ ነበር። «ስለ ወንድምሽ ዞር ዞር ብዬ ጠይቄ ነበር። ሠፈራችሁ ያለው ባለሱቅ፣ መስጊድ የሚያውቁት ሰዎች። ሁሉም ስለ ጉልበቱ ያውቃሉ» አለኝ።

ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ።

ሺፍቴ እንዳለቀ በቀጥታ ጋሼ ኑሩ ሱቅ ሄድኩ። ጋሼ ኑሩ የወሎ ሰው ናቸው፤ ጤፍም ሥጋም የምንገዛው እሳቸው ጋ ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ፈረንጅ መጥቶ ስለ ያሲን ጠይቆዎታል?»

«አዎና! ደግ ሰው ነው። ልጁን ሊቀጥረው ነው መሰለኝ።»

«ምን አሉት?»

«እውነቱን ነዋ! ‹ጉልበቱን ይታመማል ምስኪን፣ ግን ምግባረ ሸጋ ነው፣ አላህን የሚፈራ ነው፣ እባክህ ውሰደው› አልኩት። አደራም አልኩት።» ፊታቸው በኩራት አበራ። «ምነው፣ ተሳካ እንዴ?»

ምን ልበላቸው? እሳቸው ልጁን መርዳታቸው ነው። መስጊድ ያሉትም እንደዚያው፤ ለዓመታት ዱዓ ሲያደርጉለት የኖሩለትን ጉልበት እንዴት «የለም» ይበሉ? እማዬ ውሸቷን ለዓይን መከላከያ ብላ ዘርታ፣ ከተማው ሙሉ ምስክር ሆኖ በቅሎላታል።

በማግስቱ ያሲንን ይዤ ሰውዬው ያረፈበት ሆቴል ሄድን። የዩኒቨርሲቲው ሐኪሞች የጉልበቱን ምስል ሁሉ አንስተው ንጹሕ ነው ብለው ጽፈው ነበር፤ ይዘነው ሄድን። ሚስተር ሃንክ ቁርሱን እየበላ ነበር፤ ቦታ ለቀቀልን።

«ይህን አይቼዋለሁ» አለ ወረቀቱን ሳይነካው። «ንጹሕ ነው ይላል። ስሙኝ ልጆች፤ ሐኪም የሚያየው አንድ ቀን ነው፣ እናት የምታየው ዕድሜ ልክ ነው። በዚህ ሥራ ስኖር እናት ልጇን ስታጋንን እንጂ ስታጣጥል ሰምቼ አላውቅም። የተሰበረ እግር ይዞ የሚያነክስ ልጅ እናት እንኳ ‹ፈረስ ነው› ትለኛለች። የእናንተ እናት ግን…» ሹካውን አስቀመጠ። «ከዚያ ወዲህ የተጫወተባቸውን ቪዲዮዎች እንደገና ተመለከትኳቸው። ወድቆ ሲነሣ አንዳንዴ ይዘገያል። ድሮ ደክሞት ነው ብዬ አልፌው ነበር።»

«ደክሞኝ ነዋ!» አለ ያሲን። «ሁሉም ሰው ይደክመዋል!»

«ይሆናል።»

ያኔ ወንድሜ ተነሣ። ያ ሁሉ ሰው ቁርሱን እየበላ በሚያየው አዳራሽ መሐል ቆሞ ቁጢጥ ብድግ ይል ጀመር። በሁለት እግሩ፣ ቀጥሎ በአንድ እግሩ። «እይ! የቱ ነው የታመመው? እይ!» ይላል። ላቡ መጣ። አንዲት አስተናጋጅ ትሪ ይዛ ቆማ ቀረች። ሰው ጤነኛ መሆኑን ለማስረዳት እንዲህ ሲለምን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ ለጠላቴም አልመኝም።

«ተው ልጄ፣ ተቀመጥ» አለው ሰውዬው። ዓይኑ ረጥቦ ነበር፣ አልዋሽም። «የኔ ወሳኝነት ትንሽ ነው። ቡድኔ በአንተ ቦታ ለሚጫወት አንድ ልጅ ብቻ ነው ዕድል ያለው። ከሁለት እኩል ልጆች አንዱ ላይ ጥያቄ ካለ ሌላውን እንወስዳለን። እኔ ያየሁትን ያህል ጽፌልሃለሁ፤ የሰማሁትንም ጽፌያለሁ። መዋሸት አልችልም።»

ስካውቶች እርስ በርስ ያወራሉ። አንዱ የሰማውን ሌላው ይጠይቃል። ይህን የነገረን አሠልጣኙ ነው።

የድራፍቱ መጨረሻ ቀን ቅዳሜ ነበር። ሌሎች ቤተሰቦች ዘመድ ጠርተው፣ ድንኳን ተክለው ነው የሚጠብቁት። እማዬ መጋረጃውን ዘግታ «ማንም እንዳይሰማ» አለች። ሦስታችን ብቻ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጥን። ያሲን ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጓል፤ ከመጠራትህ በፊት ቡድኑ ይደውልልሃል። እማዬ የሙስበሃዋን ዶቃ እየቆጠረች በለሆሳስ ዱዓ ታደርጋለች። የምትለምነው ከልቧ ነበር፣ እንዲጠሩት።

ስም ይጠራል። ሌላ ስም ይጠራል። ታይት ኤንድ በተባለ ቁጥር ያሲን ስልኩን ያያል። ምሳ የበላ የለም። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። የማይታወቅ ቁጥር! ሦስታችንም ብድግ አልን። ያሲን «የስ ሰር» አለ፤ አዳመጠ፤ ዘጋው።

«ምን አሉ? ምን አሉ?» አለች እማዬ።

«የመኪና ኢንሹራንስ» አለና ተቀመጠ።

መሸትሸት ሲል ዝግጅቱ አለቀ። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰዎች እየተሳሳቁ ተሰነባበቱ። ስሙ አልተጠራም። እኔ ግን እስከ መጨረሻው ይጠራል ብዬ ነበር፤ ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ!

አሠልጣኙ ደወለ። ያሲን ስፒከር ላይ አደረገው። አዘነ፣ አጽናና። «ከአንድ በላይ ቡድን ስለ ጉልበትህ ጠየቀኝ። ምንም የለበትም ብዬ ተሟገትኩ። አልሆነም» አለ። ያልተጠሩ ልጆችን ለሙከራ የሚወስዱ አሉ፣ እጠይቃለሁ አለ። ጠየቀም። የወሰደው የለም።

እማዬ እንግሊዝኛው ፈጥኖባት ባይገባትም አንዲት ቃል ገብታታለች። «ጉልበቱ ነው ያለው? ስለ ጉልበቱ ነው?» አለች። ከዚያ ደረቷን ደቃች። «ያ አላህ! አገኙት! አየሽ ለይላ? ያ ሰውዬ! በዚያ ዓይኑ ጉልበቱ ላይ ጣለበት! እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ያልሸሸግኩት! ቤቴ አስገብቼ ሻይ አጠጣሁት!»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ወላሂ ልነግራት ነበር። ጉልበቱን ማንም አልነካውም፣ አንቺ ነሽ ልላት፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ያሲን አየኝ። «ሊቭ ኢት፣ ለይላ፣ ተዪው» አለኝ ቀስ ብሎ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለና ያን ትልቅ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አደረገ። እያነባች በአንድ እጇ ፀጉሩን ትዳብስ፣ በሌላው ጉልበቱን ታሽ ጀመር፤ ያንን ደኅናውን ጉልበት።

ይኸው ነው። እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ምን ተለወጠብሽ ትሉኝ ይሆናል። ድሮ እውነት ከተነገረች ነገር ይቃናል ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ። አሁን አላምንም። እውነቱን ይዘን፣ በሐኪም ማኅተም አስደግፈን፣ በሰው ፊት ቁጢጥ ብድግ ብለን አይተነዋል። በፍቅር የተነገረች ውሸት ናት ያሸነፈችን። የምቆጣው ሰው እንኳ የለኝም፤ ሰውዬው ሥራውን ሠራ፣ ጋሼ ኑሩ ደግነታቸውን ሠሩ፣ እናቴ እናትነቷን። ቁጣዬ ቤት አጥቶ ሆዴ ውስጥ ነው የሚያድረው። ይህን የምጽፈውም እማዬ ማንበብ ስለማትችል ነው፤ የምታውቋት ካላችሁ አደራ፣ አታንብቡላት።

ያሲን አሁን እኔ የምሠራበት መጋዘን ነው። ከባድ ነገር ሲሆን እሱን ይጠሩታል። ባለፈው እሑድ ሦስታችን ጋሼ ኑሩ ሱቅ ጤፍና አስቤዛ ልንገዛ ወጣን። አንዲት ከአዲስ አበባ አዲስ የመጣች ሴት መደርደሪያው ጋ ያሲንን ቀና ብላ አየችውና «ውይ! ምን ያለ ቁመና ነው እቴ!» አለች። እማዬ ክው አለች። ቃል ልታወጣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ግን አልወጣላትም። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ መከላከሉም የሚረዳ አልመሰላትም መሰለኝ፣ ዓይኗ እንባ ሞላ።

ያሲን አያት። የጤፉን ከረጢት ትከሻው ላይ አደረገና ለሴትየዋ «ጉልበቴን ያመኛል» አላት በአማርኛ። ከዚያ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ፓርኪንጉ፣ እስከ መኪናችን ድረስ እያነከሰ ሄደ።